ከኔቶ ወንበር ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር፦ የስቶልተንበርግ መመለስ እንዴት ይታያል?

የቀድሞው የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የንስ ስቶልተንበርግ በኦክቶበር 1 ቀን 2024 የኔቶን ዋና ጸሐፊነት ለኔዘርላንዳዊው ማርክ ሩተ ሲያስረክቡ፣ ቀጥለው የሙኒክን የጸጥታ ጉባኤ በሊቀመንበርነት ይመራሉ ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2025 ግን የኖርዌይ ገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ብቅ አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካቢኔያቸው ውስጥ ያስገቧቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ዮናስ ስቶሬ በ2000 በስቶልተንበርግ ጽሕፈት ቤት የሠሩ፣ ኋላም በእሳቸው መንግሥት ውስጥ የውጭ ጉዳይና የጤና ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። የትናንቱ አለቃ የዛሬ ምንዝር ሆኑ ማለት ነው።

ዜናው ሁለት ዓይነት አስተያየት ያስነሣል። አንዱ «ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፣ ዐሥር ዓመት ኔቶን መርቶ፣ እንዴት ሰው ወደ ታች ይወርዳል?» የሚል ነው። ሌላው «ስሙ ብቻ ነው እንጂ ከእንግዲህ አገሪቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ሥልጣንን እንደ መሰላል ያዩታል፤ አንዱ ሲወርዱ፣ ሌላው በስውር ሲወጡ ይታየዋል። የኖርዌይን አሠራር ለተመለከተ ግን ነገሩ ብዙም እንቆቅልሽ የለውም። እዚያ የሚኒስትር ወንበር ፓርቲው በዚያ ሰዓት ለገጠመው ችግር ሰው የሚመድብበት የሥራ ቦታ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ የገጠመው ችግር ደግሞ ከባድ ነበር።

ጥምረቱ ለምን ፈረሰ?

ስቶሬ ከ2021 ጀምሮ ሲያስተዳድሩ የነበሩት የራሳቸውንና የስቶልተንበርግን የሠራተኛ ፓርቲ ከማዕከል ፓርቲ ጋር ባጣመረ መንግሥት ነበር። የማዕከል ፓርቲ የገጠሩና የገበሬው ድምፅ ነው፤ ለአውሮፓ ኅብረት ያለው ጥርጣሬም ሥር የሰደደ ነው። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ሕዝቡ በ1972ም በ1994ም አባልነትን በድምፁ ውድቅ አድርጓል። ሆኖም አገሪቱ «የአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና» በሚባለው ስምምነት የኅብረቱን የጋራ ገበያ ትካፈላለች። በዚህም ምክንያት ኅብረቱ ካወጣቸው ሕጎች ብዙዎቹን፣ ሲረቀቁ ድምፅ ባልሰጠችበት ሁኔታ፣ ወደ ራሷ ሕግ ታስገባለች።

ጠቡ የተነሣው ከእነዚህ ሕጎች መካከል ኤሌክትሪክን በሚመለከቱት ነው። ኖርዌይ ኃይል የምታመነጨው በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ ዜጋውም ርካሽ መብራትን እንደ ተፈጥሮ መብቱ ሲቆጥር ኖሯል። በ2021 ወደ ጀርመንና ወደ ብሪታንያ የተዘረጉት የባሕር ውስጥ ገመዶች ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ በተለይም ሩሲያ ዩክሬንን ወርራ የጋዝ ዋጋ ሲንር፣ የደቡብ ኖርዌይ የመብራት ሒሳብ ከአውሮፓ ገበያ ጋር አብሮ ይወጣና ይወርድ ጀመር። የማዕከል ፓርቲ የኅብረቱን አዳዲስ የኃይል መመሪያዎች አልቀበልም አለ፤ የሠራተኛ ፓርቲ ከመመሪያዎቹ የተወሰኑትን እናስገባለን አለ። በጃንዋሪ 30 ቀን 2025 የማዕከል ፓርቲ መንግሥቱን ጥሎ ወጣ። የፓርቲው መሪ ትሪግቬ ስላግስቮል ቬዱም የገንዘብ ሚኒስትር ስለነበሩ ወንበሩ ባዶ ሆነ።

የሠራተኛ ፓርቲ ከ169 የፓርላማ መቀመጫ 48 ብቻ ይዞ ለብቻው ቀረ። ምርጫው ሰባት ወር ገደማ ቀርቶታል፤ በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ፓርቲው ከ20 በመቶ በታች ወርዶ ነበር፤ ስቶሬ ከፓርቲ መሪነት ይነሡ የሚል ጉርምርምታም በአደባባይ ይሰማ ነበር። ስቶልተንበርግ የተጠሩት በዚህ ሰዓት ነው።

ያለ ፓርላማ ወንበር ሚኒስትር መሆን

በብሪታንያ ሚኒስትር ለመሆን በተለምዶ የፓርላማ አባልነት ያስፈልጋል። ዴቪድ ካሜሮን በኖቬምበር 2023 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሲመለሱ መጀመሪያ የላይኛው ምክር ቤት አባል መደረግ ነበረባቸው። በኖርዌይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሚኒስትር የፓርላማ ድምፅ እንዳይኖረው ይከለክላል። የተመረጠ ሰው ሚኒስትር ሲሆን ወንበሩን ለተጠባባቂ አባል ይለቃል፤ ከሚኒስትርነት ሲወርድ ይመለስበታል። ሚኒስትሩ ምክር ቤት ገብቶ ይናገራል፣ ይጠየቃል፣ ይሟገታል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም። ስለዚህ ያልተመረጠን ሰው ማምጣት ለስቶሬ ምንም ሕጋዊ ችግር አልነበረውም።

ሌላው ልዩ ነገር «አሉታዊ ፓርላማዊነት» የሚባለው አሠራር ነው። አዲስ መንግሥት ሥራ ለመጀመር የምክር ቤቱን የድጋፍ ድምፅ ማግኘት አይጠበቅበትም፤ አብላጫው ተነሥቶ እስካላወረደው ድረስ ይቆያል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በበኩሉ ምክር ቤቱን በትኖ አስቸኳይ ምርጫ መጥራት አይችልም። ምርጫ በየአራት ዓመቱ ነው፣ በቃ። ጥምረት ሲፈርስ ታዲያ ሁሉም ባለው መቀመጫ ይሠራል እንጂ ወደ ሕዝብ የሚሮጥበት በር የለም። በሌላ አገር ምርጫ የሚያስጠራ ቀውስ በኖርዌይ በሹም ሽር የሚፈታው ለዚህ ነው።

ገንዘብ ሚኒስትርነት ደግሞ ተራ ሹመት አይደለም። ወጪ ያለበት ሐሳብ ሁሉ በዚያ መሥሪያ ቤት ሳያልፍ ካቢኔ አይቀርብም። ስለዚህ «ወረዱ» የሚለው አባባል የሥራውን ክብደት አሳንሶ ያያል።

ከወጣቶች ሊግ እስከ ብራስልስ

ስቶልተንበርግ በ1959 ኦስሎ ሲወለዱ ፖለቲካ ቤት ውስጥ ነበር። አባታቸው ቶርቫል ስቶልተንበርግ የመከላከያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ1990ም ለአጭር ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ነበሩ። ልጅየው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አጠኑ፤ ለጥቂት ጊዜ በአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሠሩ፤ ከ1985 እስከ 1989 የሠራተኛ ፓርቲን የወጣቶች ሊግ መሩ። በ1993 በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ካቢኔ የኢንዱስትሪና የኃይል ሚኒስትር፣ በ1996 በቶርቢየን ያግላንድ ካቢኔ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

ያግላንድ እዚህ ላይ ቆም ተብሎ ሊታዩ የሚገባ ሰው ናቸው። በ1997ቱ ምርጫ ፓርቲዬ ቀድሞ ካገኘው 36.9 በመቶ በታች ካመጣ ሥልጣን እለቃለሁ አሉ። 35 በመቶ አመጡ፤ አንደኛ ሆነው ሳለ ለቀቁ። በ2000 ስቶልተንበርግ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ያው ያግላንድ በትናንቱ ገንዘብ ሚኒስትራቸው ካቢኔ ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በፓርቲ መሪነት ላይ ክፉኛ ተፋጩ፤ በ2002 ስቶልተንበርግ አሸነፉ። የ2025ቱ ሹመት ታይቶ የማይታወቅ የሚመስለው ይህን ለረሳ ሰው ነው። በጎረቤት ስዊድንም የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ካርል ቢልት ከ2006 እስከ 2014 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል።

ጉዞው ሁልጊዜ ሽቅብ አልነበረም። የ2000ው የስቶልተንበርግ መንግሥት አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ቆይቶ በ2001 ምርጫ 24 በመቶ ገደማ አግኝቶ ወደቀ፤ ፓርቲው ከ1920ዎቹ ወዲህ እንዲህ ያለ ውጤት አላየም ነበር። በ2005 ከማዕከል ፓርቲና ከሶሻሊስት ግራ ፓርቲ ጋር ተጣምረው ተመለሱና ስምንት ዓመት ገዙ። በ2010 ከሩሲያ ጋር የባረንትስ ባሕር ወሰን ውል ተፈራርመው የአርባ ዓመት ክርክር ዘጉ። በ2013 ተሸነፉ፤ በዚያው የምርጫ ዘመቻ ታክሲ ሾፌር መስለው የኦስሎን ሰው ያነጋገሩበት ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል። ከተሳፋሪዎቹ የተወሰኑት አስቀድመው ተመርጠው የተከፈላቸው መሆኑ ኋላ ላይ ታውቋል።

በ2014 የጀመሩት የኔቶ ሥራ ተደጋግሞ ሲራዘም ዐሥር ዓመት ሞላ። በፌብሩዋሪ 2022 የማዕከላዊ ባንክ ገዥ ሆነው ተመርጠው ነበር። ስቶሬ ወዳጃቸው ስለሆኑ ከውሳኔው ራሳቸውን አገለሉ፤ መራጩ የገንዘብ ሚኒስትሩ ቬዱም ነበሩ። ባንኩ ከፖለቲካ ነጻ መሆን ሲገባው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊሾምበት ነው ወይ የሚል ሙግት ተነሣ። ሙግቱ ሳይበርድ ጦርነቱ ፈነዳ፤ ኔቶ ዘመናቸውን አራዘመ፤ ስቶልተንበርግም የባንኩን ሹመት ተዉት። ከሦስት ዓመት በኋላ የያዙት የእኒያኑ የቬዱምን ወንበር ነው።

በእጃቸው ያለ፣ የማያዝዙበት ገንዘብ

በሕዝብ ወሬ ውስጥ በጣም የሚዛባው ስለ ነዳጁ ፈንድ፣ ማለትም አገሪቱ የነዳጅ ገቢዋን ስለምታጠራቅምበት ቋት፣ የሚነገረው ነው። «ሁለት ትሪሊዮን ዶላር በእጁ ያለ ሚኒስትር» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ትክክል ነው።

ፈንዱ በ1990 በሕግ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ገንዘብ በ1996 ገባበት። መንግሥት በባሕር ላይ ነዳጅና ጋዝ ከሚያወጡ ኩባንያዎች ትርፍ 78 በመቶ ግብር ይወስዳል፤ ከዚያ ሌላ በጉድጓዶቹ ቀጥተኛ ድርሻ አለው፤ ኢኩዊኖር ከሚባለው የነዳጅ ኩባንያም የትርፍ ድርሻ ያገኛል። ይህ ሁሉ ወደ ፈንዱ ይገባል። ገንዘቡ አገር ውስጥ አይፈስስም፤ ሙሉ በሙሉ በውጭ አገር፣ በዋናነት በአክሲዮን፣ በቦንድና በሕንፃ ላይ ይውላል። ምክንያቱ ዘመናዊ ጥንቃቄ ነው፦ ያ ሁሉ ገንዘብ አንዲት ትንሽ አገር ውስጥ ቢፈስስ ዋጋ ይንራል፣ ሌላው ኢንዱስትሪ ይቀጭጫል። በ2025 ፈንዱ 20 ትሪሊዮን ክሮነር (የኖርዌይ ገንዘብ) ገደማ ይዞ ነበር፤ በዓለም ገበያ ላይ ካለው አክሲዮን 1.5 በመቶ ያህል የእሱ ነው።

ከዚህ ምን ያህል ይወጣል? በ2001 የስቶልተንበርግ የመጀመሪያ መንግሥት አንድ የወጪ ደንብ አቀረበ፤ መንግሥት በዓመት ሊያወጣ የሚችለው ፈንዱ በአማካይ ያስገኛል ተብሎ የሚጠበቀውን ትርፍ ያህል ብቻ ነው፣ ዋናው ገንዘብ አይነካም የሚል። ልኩ ያኔ 4 በመቶ ነበር፤ በ2017 ወደ 3 በመቶ ዝቅ ተደረገ። 20 ትሪሊዮን ላይ 3 በመቶ ማለት 600 ቢሊዮን ክሮነር ነው። ደንቡ ሕግ አይደለም፤ ፓርቲዎች የተስማሙበት ልማድ ነው። በክፉ ጊዜ ከልኩ ማለፍ፣ በደጉ ጊዜ ከልኩ ማነስ ይፈቅዳል። ስቶልተንበርግ ታዲያ ከሃያ አራት ዓመት በፊት በጠቅላይ ሚኒስትርነት ያበጁትን ልጓም አሁን በሚኒስትርነት ራሳቸው ለብሰውታል።

የፈንዱን የዕለት ሥራ የሚያካሂደው የማዕከላዊ ባንኩ ክፍል ነው። ሚኒስቴሩ ማዕቀፉን ያወጣል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ የትኛው ኩባንያ አክሲዮን ዛሬ ይገዛ፣ የትኛው ይሸጥ የሚለውን ግን ሚኒስትሩ አይወስኑም።

ይህ የሥራ ክፍፍል ኖርዌይ የሚኖረውን ሐበሻም በቀጥታ ይነካዋል። ከኦገስት 2025 ጀምሮ የመዋዕለ ሕፃናት ከፍተኛ ክፍያ በወር 1,200 ክሮነር ሆኗል፤ ከኦክቶበር ጀምሮ ቤተሰቦች መብራትን በኪሎዋት ሰዓት ታክስን ጨምሮ 50 ዖሬ (ግማሽ ክሮነር) በሚሆን ቋሚ ዋጋ መግዛት ይችላሉ። ሁለቱም ጥምረቱ በፈረሰበት ሰሞን የተነገሩ እርምጃዎች ናቸው፤ የሚከፈሉትም ከበጀቱ ነው፤ የበጀቱን ጉድለት ደግሞ ፈንዱ ይሸፍናል። ለዩክሬን በ2025 የተመደበው 85 ቢሊዮን ክሮነርም የሚወጣው ከዚያው በጀት ነው።

ተጠያቂነት በምን ይለካል?

የኖርዌይ ሚኒስትሮች በቀላሉ ሥልጣን ይለቃሉ የሚል ስም አላቸው። በጃንዋሪ 2024 የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስትሯ ሳንድራ ቦርክ የወደቁበት ሁኔታ ለዚህ ማሳያ ነው። ሚኒስቴሩ ከራሷ የቀድሞ ፈተና ላይ ጽሑፍ ደግማ የተጠቀመች አንዲት ተማሪን ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስዶ ይሟገት ነበር። ይህን የታዘበ ሌላ ተማሪ የሚኒስትሯን የማስተርስ ጽሑፍ አገላብጦ ምንጭ ሳይጠቀስ የተወሰዱ አንቀጾች አገኘ። እሳቸውም ወዲያው ለቀቁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ የጤና ሚኒስትሯ ኢንግቪል ሸርኮልም በተመሳሳይ ምክንያት ወረዱ።

የስቶልተንበርግ ታሪክ ግን በዚህ መስፈሪያ በቀላሉ አይሰፈርም። በጁላይ 22 ቀን 2011 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፈር በፈነዳ ቦምብ 8 ሰዎች፣ በዑትዖያ ደሴት በወጣቶች ሊጉ ካምፕ ላይ በተከፈተ ተኩስ 69 ሰዎች ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልሳችን የበለጠ ዴሞክራሲና የበለጠ ግልጽነት ነው በማለታቸው በመላው ዓለም ተመሰገኑ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ላይ የወጣው የነጻ ኮሚሽን ሪፖርት ግን መራር ነበር፤ የቦምብ ጥቃቱን በወቅቱ በታወቁ የጥበቃ እርምጃዎች መከላከል ይቻል ነበር፣ ፖሊስም ገዳዩን ቀድሞ ሊደርስበት ይችል ነበር አለ። ስቶልተንበርግ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ አሉ፤ ሥልጣን ግን አልለቀቁም።

ደጋፊዎቻቸው ኃላፊነት መውሰድ ማለት ጉድለቱን ማረም ነው ብለው ይሟገታሉ። ተቺዎች በበኩላቸው በማስተርስ ጽሑፍ ሰው የሚወርድበት አገር በዚህ ልክ ያለ የጸጥታ ጉድለት እንዴት በቃል ብቻ ታለፈ ይላሉ። በእኔ አመለካከት የተቺዎቹ ጥያቄ እስከ ዛሬ በቂ መልስ አላገኘም። ልዩነቱን የሚያስረዳው ምናልባት ይህ ነው፦ የቦርክ ጥፋት ሌላውን ከሚከስሱበት ነገር ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ፤ የ2011ዱ ጉድለት ደግሞ በብዙ መሥሪያ ቤቶችና በብዙ ዓመታት መካከል የተበተነ ነበር። ሕዝብ የመጀመሪያውን ወዲያው ያያል፤ ሁለተኛውን ለማየት የሪፖርት ገጽ መግለጥ ይጠይቃል።

የኖቤሉ ወሬ

በኦገስት 2025 አንድ የኖርዌይ የንግድ ጋዜጣ ዶናልድ ትራምፕ ለስቶልተንበርግ ስልክ ደውለው ስለ ኖቤል የሰላም ሽልማት እንዳነሡ ዘገበ። ሚኒስትሩ ንግግሩ ስለ ቀረጥና ስለ ኢኮኖሚ ትብብር እንደነበር አረጋግጠው ከዚያ በላይ ዝርዝር አልሰጡም። ኖርዌይ ላይ በወቅቱ የ15 በመቶ ቀረጥ ተጥሎ ነበር።

ወሬው ሽልማቱን መንግሥት ይሰጣል የሚለውን የቆየ ስሕተት ቀስቅሷል። ይህ ስሕተት ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዐቢይ አሕመድ በ2019 ሲሸለሙ «ኖርዌይ ሸለመችው»፣ የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ «ኖርዌይ ትንጠቀው» ሲባል ቆይቷል። ሽልማቱን የሚወስነው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። አባላቱን ምክር ቤቱ በፓርቲዎች ጥንካሬ ልክ ይመርጣል፤ ካቢኔው በውሳኔው ላይ እጅ የለውም። ከውጭ ሲታይ ግን መስመሩ መደብዘዙ አይገርምም። ያግላንድ ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ከ2009 እስከ 2015 የኮሚቴው ሊቀመንበር ነበሩ።

ምርጫውና ከዚያ ወዲህ

ሹመቱ በተሰማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሠራተኛ ፓርቲ ድጋፍ ከ25 በመቶ በላይ ተተኮሰ። ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት ግን የተጋነነ ነው። በዚያው ሰሞን ብዙ ነገር አብሮ ተለውጧል፤ የማያቋርጠው የጥምረቱ ንትርክ ቆመ፤ የመብራቱና የመዋዕለ ሕፃናቱ እርምጃ ተነገረ፤ ትራምፕ ወደ ሥልጣን ተመልሰው ስለ ግሪንላንድና ስለ ዩክሬን በሚናገሩት መራጩ ሰግቶ ነበር። ዋሽንግተንን የሚያውቅ ሰው ካቢኔ ውስጥ መኖሩ በዚህ ሰዓት ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የጨመረው ግን ሰዓቱ ነው።

በሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 የሠራተኛ ፓርቲ 28 በመቶ አግኝቶ 53 መቀመጫ ያዘ። ቀኝ ዘመሙ የፕሮግረስ ፓርቲ 24 በመቶ ገደማ አምጥቶ በታሪኩ ትልቁን ውጤት አስመዘገበ። የግራው ጎራ በጠቅላላ 88 መቀመጫ አለው፤ ከሚያስፈልገው 85 የሚበልጠው በሦስት ብቻ ነው። ስቶልተንበርግ በወንበራቸው ቀጠሉ፤ በጀት ባቀረቡ ቁጥር ግን አራት ፓርቲዎችን ማግባባት አለባቸው። ከእነዚህ መካከል በመብራት ጉዳይ የወጣው የማዕከል ፓርቲና ነዳጅ ማውጣት ይቀንስ የሚለው አረንጓዴ ፓርቲ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በምርጫው ዋና መከራከሪያ የነበረው የሀብት ግብር ነው። ሰው በዓመቱ ካገኘው ገቢ ሌላ፣ ባለው ንብረት ላይ ከተወሰነ መጠን በላይ አንድ በመቶ ገደማ ይከፍላል። ባለሀብቶች ኩባንያው ባያተርፍም ግብሩን ለመክፈል ገንዘብ ከድርጅቱ ማውጣት አለብን ይላሉ፤ የተወሰኑትም ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግረዋል። የሠራተኛ ፓርቲ ደግሞ ይህ ግብር ቢነሣ ብዙ ባለጸጎች ከጎረቤታቸው ነርስ ያነሰ ይከፍላሉ ብሎ ይመልሳል። ስቶልተንበርግ ያመጡት ሐሳብ ፓርቲዎች ሁሉ የሚቀመጡበት ሰፊ የግብር ስምምነት ነው፤ በእያንዳንዱ ምርጫ የሚገለባበጥ ግብር ለማንም አይበጅም ከሚል ስሌት የመጣ ነው።

ከዚህ ይልቅ የፈተናቸው የፈንዱ ሥነ ምግባር ጉዳይ ሆነ። ከምርጫው በፊት፣ በኦገስት 2025፣ ፈንዱ ለእስራኤል የጦር አውሮፕላኖች የሞተር አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ተዘገበ። ሚኒስትሩ ባንኩ ጉዳዩን እንዲመረምር ጠየቁ፤ ፈንዱ በ11 የእስራኤል ኩባንያዎች የነበረውን ድርሻ ሸጠ። ቀጥሎም ፈንዱ ከየትኞቹ ኩባንያዎች ይውጣ የሚለውን በሚመክረው የሥነ ምግባር ጉባኤ ምክር መሠረት አምስት የእስራኤል ባንኮችንና የአሜሪካውን ካተርፒላር አስወጣ። ከዋሽንግተን ቁጣ መጣ። የፈንዱ የሥነ ምግባር ደንብ በዚሁ ከቀጠለ ለእስራኤል መንግሥት የኮምፒውተር አገልግሎት የሚሸጡትን ግዙፍ የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም ሊነካ ይችላል የሚል ስጋት ተነሣ፤ የፈንዱ ትልልቅ ድርሻዎች ያሉት ደግሞ በዚህ ዘርፍ ነው። በኖቬምበር 2025 በመንግሥቱ ሐሳብ አቅራቢነት ፓርላማው ደንቡ እስኪከለስ ድረስ የሥነ ምግባር ምክሩ እንዲቆም ወሰነ። ድምፁ የተገኘው ከቀኝ ዘመም ፓርቲዎች ጭምር ነው፤ በጀቱን የሚያሳልፉላቸው የግራ አጋሮች ተቃወሙ። አዲስ ደንብ ሲረቀቅ ሚኒስትሩ በአንድ እጃቸው ከግራው ጋር በጀት፣ በሌላው ከቀኙ ጋር ፈንድ እየተደራደሩ ነው የሚቆዩት።